ቺሊ ለትምህርት ሄዶ ከማፑቼዎች ማዕድ መቀመጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች በደቡብ ቺሊ፣ በተለይም በቴሙኮና በዙሪያዋ ባለው የአራውካኒያ ክልል፣ ለትምህርት ለሚቆዩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ካልተገለጸ በቀር ወራቱም ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማፑቼዎች እነማን ናቸው?

በቺሊ ካሉት ነባር ሕዝቦች በቁጥር ትልቁ ናቸው። በ2017 የሕዝብ ቆጠራ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ራሱን ማፑቼ ብሎ አስመዝግቧል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛው ገደማ ማለት ነው። ከአንዲስ ተራሮች ማዶ፣ አርጀንቲና ውስጥም ይኖራሉ። በተራራው የአራውካሪያ ደን ያሉት ፔዌንቼ፣ በባሕር ዳርቻው ያሉት ላፍኬንቼ፣ ወደ ደቡብ ያሉት ዊዪቼ ይባላሉ። ሥርዓታቸውም አነጋገራቸውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ቤት ያዩትን ይዞ ሌላ ቤት ሄዶ «እነ እገሌ ጋ እንዲህ አልነበረም» ማለት ትዝብት ላይ ይጥላል።

ከታሪካቸው ይህችን ያህል ሳያውቁ ሰው ቤት አይግቡ። ስፔኖች በ1598 ኩራላባ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ከቢዮቢዮ ወንዝ በስተደቡብ የነበሯቸውን ከተሞች አጡ፤ በ1641 በኪሊን ድርድር ወንዙን ወሰን አድርገው ተቀበሉ። የማፑቼን ምድር በጦር የያዘችው ራሷን የቻለችው ቺሊ ናት፣ ከ1861 እስከ 1883 ባለው ጊዜ። ቴሙኮም በ1881 የተቆረቆረችው የጦር ምሽግ ሆና ነው። የቺሊ የትምህርት መጻሕፍት ይህን ዘመቻ ለረጅም ጊዜ «ማረጋጋት» ሲሉት ኖረዋል፤ እርስዎ ያንን ቃል አይድገሙት። «ኢንዲዮ» ስድብ ነው፤ «አራውካኖ» የሚለውንም ብዙዎች አይወዱትም።

አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው ያለኝ። የትኛውን ልምረጥ?

የመጀመሪያውን፣ ከማርች እስከ ጁላይ ያለውን። የዓመቱ መለወጫ ዌትሪፓንቱ የሚውለው በጁን 21 እና 24 መካከል ነው፣ በእኛ ከሰኔ 14 እስከ 17 መሆኑ ነው። ያ ሰሞን በደቡቡ የምድር ክፍል ሌሊቱ የሚረዝምበት ነው። ከ2021 ጀምሮ የዚያ ሰሞን አንድ ቀን የነባር ሕዝቦች ብሔራዊ በዓል ተብሎ ትምህርት ይዘጋል። ከማርች እስከ ሜይ ደግሞ የአራውካሪያ ዛፍ ፍሬ፣ ፒኞን፣ የሚለቀምበት ወቅት ነው።

በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ከኦገስት እስከ ዲሴምበር፣ የሚያገኙት ያነሰ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። በጸደይ ዲግዌኜ የሚባለው ብርቱካናማ እንጉዳይ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ በአንዳንድ ቦታም የጸሎት ጉባኤ ይደረጋል። ትልልቆቹ ጉባኤዎች የሚበዙት ግን ከመከር በኋላ ስለሆነ፣ ዲሴምበር ላይ ሻንጣውን የሚያስር ተማሪ ያልፉታል። ቪዛዎ የሚፈቅድ ከሆነ እስከ ፌብሩዋሪ መቆየት ጥሩ ነው።

ትምህርቴ ሳንቲያጎ ነው። ቴሙኮ ካልሄድኩ አይሆንም?

ይሆናል። ከማፑቼዎች አንድ ሦስተኛው ገደማ የሚኖረው በዋና ከተማዋ ክልል ነው። ላ ፒንታናና ሴሮ ናቪያ በመሳሰሉት ሰፈሮች የከተማ ማኅበሮች የራሳቸውን ሩካ (ባህላዊ ቤት) ሠርተው ዌትሪፓንቱን በጋራ ያከብራሉ፤ እንግዳም ይቀበላሉ። ገጠሩን ለማየት ደግሞ ሳንቲያጎና ቴሙኮ 680 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ የሌሊት አውቶቡስ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል።

ግብዣ እንዴት ይገኛል?

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ከአውሮፕላን በወረደ በሳምንቱ «ንጊያቱን መቼ ነው? ማየት እፈልጋለሁ» ይላል። ንጊያቱን የማኅበረሰቡ የጸሎት ጉባኤ ነው፤ ትርኢት አይደለም። ጠያቂውን ሰው ገና የማያውቁት ከሆነ ደግሞ መልሱ ትሕትና የተሞላበት ዝምታ ነው።

ከተከፈተው በር ይጀምሩ። ቴሙኮ ውስጥ የአራውካኒያ ክልላዊ ሙዚየም አለ። ካኜቴ ላይ የማፑቼ ሙዚየም፣ ኩራሬዌ ላይ ትራዉፔዩም የተባለው የባህል መንደር አሉ። ቀጥሎ እንግዳ በክፍያ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች ይመጣሉ፤ በቡዲ ሐይቅ ዳር ያጌፑዪ በተባለው ማኅበረሰብ ይህ የተለመደ ሥራ ነው። ገንዘብ ስለተከፈለበት «እውነተኛ አይደለም» የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ልክ አይደለም። ምን እንደሚያሳዩና ምን እንደማያሳዩ የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ከቀናት በፊት ይደውሉ፤ የሰዉን ቁጥር ይንገሩ፣ ዋጋው ምግብንና ማደሪያን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። መንደሩ ውስጥ ባንክ ስለማይገኝ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። የገጠር አውቶቡሶች የሚነሡት ከከተማው የገጠር መናኸሪያ ነው፤ የመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ሊሄድ ይችላል፣ እሑድ ደግሞ በጣም ይቀንሳሉ። የመልሱን ሰዓት ሳያረጋግጡ አይሳፈሩ።

ወደ ቤተሰብ በዓል የሚያስገባው ሰው ነው። በላ ፍሮንቴራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቴሙኮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የማፑቼ ተማሪዎች አሉ። ከገጠር የመጡት የሚኖሩባቸው የማፑቼ ተማሪ ቤቶችም ከተማው ውስጥ አሉ፤ ለውጭ ሰው ክፍት የሆኑ ዝግጅቶች ያደርጋሉ። የቋንቋ ትምህርት መውሰድ፣ ድንች ማውጣትና እንጨት መፍለጥን የመሰለ ሥራ ማገዝ፣ ከወር እስከ ወር ሳይጠፉ መታየት ከየትኛውም ደብዳቤ ይበልጣል። ሲጋበዙም ግብዣው ለእርስዎ ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛ አስከትሎ መድረስ ለባለቤቲቱ የምግብም የመኝታም ችግር ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ላይጠሩ ይችላሉ።

እጄ ላይ ምን ይዤ ልሂድ? ምንስ ልልበስ?

ባዶ እጅ አይኬድም። አንድ ኪሎ ዬርባ ማቴ (እንደ ሻይ የሚጠጣ ቅጠል)፣ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ከዚያ ዳቦ ወይም ፍራፍሬ ለአንድ ቤት ይበቃል። ሰላምታው እንዳለቀ ለቤቱ እመቤት ይስጡ። ወይን ወይም ቢራ ግን ሳይጠይቁ አይውሰዱ፤ መጠጥ ጨርሶ የማይገባባቸው ሥርዓቶች አሉ። ከአገር ቤት ቡና ለመውሰድ ያሰቡ፣ የተቆላና የታሸገ ይሁን። በቺሊ ድንበር የእርሻና የእንስሳት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ጥብቅ ነው፤ ማንኛውንም የእህልና የእንስሳት ውጤት በቅጹ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ያላስመዘገበ ይቀጣል። ማር ጨርሶ አይሞክሩ።

በጁን ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የሚደራረብ ሹራብና በቀላሉ ሊታጠብ የሚችል ልብስ ያስፈልጋል። ሩካ ውስጥ እሳቱ መሐል ወለሉ ላይ ይነዳል፣ ጢሱ በጣራው ቀዳዳ ይወጣል፤ ልብስዎ ለቀናት ጢስ ጢስ ይላል። አስም ያለበት ሰው መተንፈሻውን ይያዝ፣ ከበሩም አጠገብ ይቀመጥ። ጢሱ ሩካ ውስጥ ብቻም አይደለም፤ ቴሙኮ በማገዶ ስለምትሞቅ በክረምት አየሯ በቺሊ ካሉት ከተሞች ከተበከሉት ተርታ ነው። ለጸሎት ጉባኤ ሴቶች ቀሚስ እንዲለብሱ ይጠበቃል፤ ከሱሪ ላይ መደረብ ይቻላል። በአንዳንድ ማኅበረሰብ ቀይ ልብስ አይፈለግም። በወር አበባ ላይ ያለች ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ከክቡሩ ቦታ እንድትርቅ የሚጠይቁም አሉ። የጋበዘዎትን ሰው አስቀድመው ይጠይቁ።

ሰላምታው እንዴት ነው?

ግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቁ፤ ውሻ አለ፣ ደግሞም ዘው ብሎ መግባት ነውር ነው። ሰላምታው «ማሪ ማሪ» ነው። እያንዳንዱን ሰው ከታላላቆቹ ጀምረው በእጅ ይጨብጡ፤ ሃያ ሰው ቢኖር ሃያውንም። ሲወጡም እንዲሁ። ወንድ ለወንድ «ፔኚ»፣ ወንድ ለሴት «ላምንገን» ይላል። ሴት ግን ለወንድም ለሴትም «ላምንገን» ነው የምትለው። ሴት ተማሪዎች ከወንዶቹ ሰምተው «ፔኚ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ቅር የሚለው ግን የለም። ለእናቶች «ፓፓይ»፣ ለአባቶች «ቻቻይ» ይባላል። በስፓኒሽ ሲያወሩ ለታላላቆች «ኡስቴድ» ይበሉ፤ አንቱታውን አይዝለሉት። አመሰግናለሁ «ቻልቱ ማይ» ነው።

ከዚያ ፔንቱኩን የሚባለው ረጅሙ መጠያየቅ ይመጣል፦ የማን ልጅ ነዎት፣ ከየት መጡ፣ ወላጆችዎ እንዴት ናቸው፣ መንገዱ እንዴት ነበር። የእኛ አገር ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም። በአጭሩ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ጉዳይ መግባት ግን እንደ ንቀት ይታያል፤ ስለ እናት አባትዎ፣ ስለ ትውልድ ቦታዎና ስለ ወንዙ የሚሉትን በስፓኒሽ አዘጋጅተው ይሂዱ።

ማቴው ሲዞር ተራዎ ሲደርስ ኩባያውን እስኪያንቋርር ጠጥተው ለቀጂው ይመልሱ። መምጠጫውን ቦምቢያ አያማስሉት፤ ይደፈናል። «ግራሲያስ» ያሉ እንደሆነ በቃኝ ማለት ነው፣ ሁለተኛ አይቀዳልዎትም።

የዌትሪፓንቱ ሌሊት እንዴት ያልፋል?

ቤተሰቡ ከምሽት ጀምሮ እሳቱን ከቦ ይቀመጣል። ይበላል፤ ተረት (ኤፔው) ይነገራል፣ እንቆቅልሽ ይጠየቃል፣ ታላላቆች የቤተሰቡን ታሪክ ያወራሉ። የትሬንግ ትሬንግና የካይ ካይ፣ የምድርና የባሕር እባቦች፣ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚህ ነው። ተራው እንግዳው ጋ ስለሚደርስ አንድ የአገር ቤት ተረት በስፓኒሽ ተለማምደው ይሂዱ። በአንዳንድ ቤት ለሴት ልጅ ጆሮ የሚበሳበት ወይም ለልጅ የአያቱ ስም የሚሰጥበት ሥርዓት በዚሁ ቀን ይደረጋል።

ጎህ ከመቅደዱ በፊት ወደ ወንዝ ወይም ምንጭ ወርዶ መታጠብ አለ። ውኃው በጣም ይቀዘቅዛል። ሙሉ መግባት የማይችል ፊቱንና እጁን ቢታጠብ ማንም አይፈርድበትም፤ የልብ ሕመም ያለበት አይሞክረው። ፎጣና ደረቅ ልብስ ከላይ ይቆይ። ከዚያ ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ጸሎት ይደረጋል፤ የሩካው በር ራሱ ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይ በዚያ ሰሞን ቴሙኮ ላይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሌሊቱ ይረዝማል። የሚተኙ ከሆነ የመኝታ ከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ መሐል ላይ ተነሥቶ ወደ ከተማ ለመመለስ ትራንስፖርት የለም።

ንጊያቱን ላይ ብጠራስ? ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ጠፍቶ ይቀመጣል፤ ድምፁን መቀነስ አይበቃም፣ በእጅ መያዙ ራሱ ያስቆጣል። ከሜዳው ያስወጡዎታል፤ የጋበዘዎት ቤተሰብም ይወቀሳል። በቤት ውስጥ በዓል ግን ጠይቆ ማንሳት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ የማቺዋን (የባህላዊ ፈዋሿን) ፎቶ ግን ከፈቃዷ ውጪ በፍጹም።

ጉባኤው ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሜዳው መሐል ሬዌ የሚባለው ክቡር ቦታ፣ ዙሪያውን ደግሞ በቅጠል የተሠሩ ዳሶች አሉ። የዳሶቹ ረድፍ ወደ ምሥራቅ ክፍት ነው። እያንዳንዱ እንግዳ የአንድ ቤተሰብ ዳስ ነው፤ ከዳስ ዳስ አይዞርም። ጭፈራው ሬዌውን የሚዞረው ወደ ግራ፣ ከሰዓት ቆጣሪ እጅ በተቃራኒ ነው። ሲጠሩ ይግቡ፣ አጠገብዎ ያለውን ሰው እግር እያዩ ይከተሉ። ሳይጠሩ ሜዳውን አያቋርጡ፣ ሬዌውን አይንኩ፣ ኩልትሩን የተባለውን የማቺ ከበሮ «እስቲ ልሞክረው» አይበሉ። ገበያ ላይ የተገዛ ኩልትሩን ክፍልዎ ውስጥ ቢመቱት ሌላ ጉዳይ ነው። ከመሐል ጥሎ መሄድ ስለማያምር ሁለቱንም ቀን መቆየት የማይችሉ ከሆነ ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት ይናገሩ።

ምን ይበላል? ጾመኛ ብሆንስ?

ሰኔ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሐዋርያት ጾም ስለሚሆን ይህ ጥያቄ ለኦርቶዶክስ ተማሪ በቀጥታ ይመጣል። ዕድሉ ጥሩ ነው። ካቱቶ ከተቀቀለ ስንዴ የሚሠራ ነው፦ ስንዴው በአመድ ውኃ ተቀቅሎ ገለባው ይለቅቃል፣ በደንብ ታጥቦ በድንጋይ ይፈጫል፣ ሊጡ ያለ እርሾ በእጅ እየተድቦለቦለ እንደ ትንሽ ጀልባ ይሾላል። አመዱ በደንብ ካልታጠበ ይመራል። ሙርኬ የተቆላ የስንዴ ዱቄት ነው፤ በውኃና በስኳር ሲበጠበጥ በሶ የለመደ ሰው አይደነግጥበትም። ፒኞን ጨው ባለው ውኃ አንድ ሰዓት ያህል ተቀቅሎ እየተላጠ ይበላል። ድንች፣ ባቄላና ስንዴ ንፍሮም አሉ። ሜርኬን የተባለው ቅመም በጢስ የደረቀ ቃሪያ ከድንብላል ፍሬና ከጨው ጋር ተፈጭቶ ነው፤ ንጹሕ ጾም ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ሶፓይፒያ ነው። ተራ የተጠበሰ ሊጥ ይመስላል፣ ግን ብዙ ቤት የአሳማ ስብ ይገባበታል ወይም በእሱ ይጠበሳል። ባቄላውም በሥጋ ሊሆን ይችላል። የፈረስ ሥጋ በበዓል ይቀርባል። ኛቺ ደግሞ ትኩስ ደም በቅመምና በሎሚ የረጋ ነው፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የማይሆን። ሙዳይ ከስንዴ ወይም ከፒኞን የሚጠመቅ መጠጥ ነው፤ የአንድ ቀኑ ጣፋጭ ነው፣ እየቆየ አልኮሉ ይበረታል። ሲሰጥዎት ከመጠጣትዎ በፊት ጥቂት መሬት ላይ ጠብ ማድረግ የቤቱ ወግ ከሆነ እንደ እነርሱ ያድርጉ፤ ሃይማኖትዎ ካልፈቀደ ይናገሩ።

እምቢታን የሚከፋ የሚያደርገው ጊዜው ነው። ሳህኑ ከቀረበ በኋላ መግፋት ያስከፋል፤ ከሁለት ቀን በፊት «በሃይማኖቴ በዚህ ወር ሥጋና ወተት አልበላም፣ አሳማ፣ ፈረስና ደም ደግሞ ምንጊዜም» ብሎ ማሳወቅ ማንንም አያስከፋም። የተረፈውን ይዘው እንዲሄዱ ይሰጥዎታል፤ የሚከደን ዕቃ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር።

ፓሊን መጫወት እችላለሁ?

ከተጋበዙ አዎ። ሁለት ቡድኖች በቆልማማ ዱላ (ዊኞ) ትንሽ ኳስ ይገፋሉ፤ በየቡድኑ ከ5 እስከ 15 ሰው፣ ሜዳው ረጅምና ጠባብ። ኳሱን ከተቃራኒው የጀርባ መስመር ያሳለፈ ያገባል። እያንዳንዱ ተጫዋች ፊት ለፊቱ የቆመ ጥንድ አለው። ጥንድዎ አስተናጋጅ ከሆነ ከጨዋታው በኋላ የሚያበላዎት እርሱ ነው፤ በመልሱ ጨዋታ ተራው የእርስዎ ይሆናል፣ ይህን አይርሱ። ቅልጥምና ጣት በብዛት ይጎዳል፣ የእግር ኳስ መከላከያ ያድርጉ።

ማቺ ታክመኛለች?

ማቺ ሕክምናንም ጸሎትንም የያዘች (አንዳንዴም የያዘ) ሰው ናት። ቀጠሮው በሚያውቃት ሰው በኩል ይያዛል፤ ብዙዎቹ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት አይተው ይመረምራሉ፣ ዕፅዋትም ያዛሉ። ክፍያ አለው፣ አስቀድመው ይጠይቁ። የሚወስዱትን የሐኪም መድኃኒት ይንገሩ፣ አያቋርጡት። ቴሙኮ አጠገብ ያለው የማኬዌ ሆስፒታል ከ1999 ጀምሮ በማፑቼ ማኅበር ይተዳደራል፤ ሁለቱን ሕክምና ጎን ለጎን ለማየት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ እርሱ ነው። ለጉጉት ብቻ የታማሚ ወረፋ አይያዙ።

ቋንቋው ይከብዳል?

ማፑዱንጉን ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ስጦታ አለው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች የሚያለቅሱበት ስድስተኛው አናባቢ ከእኛ «እ» ጋር በጣም ይቀራረባል፤ «ኝ» እና «ች»ም አሉ። የሚከብደው በቃል መጀመሪያ ላይ የሚመጣው «ንግ» የመሰለው የአፍንጫ ድምፅና ረዣዥሙ ግስ ነው። የአጻጻፍ ሥርዓቱ ከአንድ በላይ ስለሆነ አንዱ መጽሐፍ የጻፈውን ሌላው በሌላ ፊደል ይጽፈዋል፤ መምህርዎ የሚጠቀምበትን ይዘው ይቀጥሉ።

ደኅንነቱስ?

የመሬት ግጭት ስላለ የአራውካኒያና የጎረቤት አውራጃዎች ከሜይ 2022 ወዲህ በተደጋጋሚ በሚታደስ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ቆይተዋል። ወታደር መንገድ ላይ ያቆማል፤ መታወቂያዎን ይያዙ። ቴሙኮ፣ ቡዲና ኩራሬዌ የተማሪ ኑሮ እንደ ወትሮው ነው። ኤርሲያና ኮሊፑዪ አካባቢ ግን በሌሊት መንገድ አይውጡ፤ ጋባዥዎ «ዛሬ አይምጡ» ካለ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይቅሩ።

ምን ልግዛ? ምንስ ይዤ ልመለስ?

የብር ጌጥ ሲገዙ 950 የሚል ማኅተም ይፈልጉ። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው አልፓካ የሚሉት የኒኬል ቅይጥ ነው፤ ጆሮ ያሳክካል። በእጅ የተሸመነ ፖንቾ (በአንገት የሚጠለቅ የሱፍ ካባ) ሳምንታት ይፈጃል፣ ዋጋውም ይህን ያሳያል። ርካሹ አክሪሊክ ነው፤ ከጫፉ አንድ ክር ተቃጥሎ ከቀለጠ ሱፍ አይደለም። አንዳንድ ጥለት የሎንኮ፣ የማኅበረሰቡ መሪ፣ ብቻ ስለሆነ ሸማኔዋን «ይህን እኔ ብለብሰው ነውር አለው?» ብለው ይጠይቋት። ሜርኬን ለሻንጣ ይመቻል። ጥሬ ፒኞን ግን ይተዉት፤ የአራውካሪያ ዛፍ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት በጥብቁ መዝገብ ውስጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ፍሬውን ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ።

የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የሎንኮውና የማኅበረሰቡ ስብሰባ እሺታ ያስፈልጋል። ስብሰባው በወር አንዴ ሊሆን ስለሚችል ለዚህ ብቻ ሁለት ሦስት ወር ይያዙ። ማን ስሙ እንዲጻፍ፣ ማን እንዲቀር እንደሚፈልግ ለየብቻ ይጠይቁ። ሲጨርሱ በስፓኒሽ የተጻፈ አጭር ቅጂ ይዘው ይመለሱና እዚያው ስብሰባ ላይ ያንብቡላቸው፤ ከመታተሙ በፊት።